ርስትና ጉልት በአራት ጎማ፦ ያገለገለች ቪታራ በዳባት፣ በደባርቅና በበየዳ ስላላት የይዞታ ሥሪት

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ካደረገ ወዲህ ርስትና ጉልት ከኢትዮጵያ ምድር ጠፍተዋል ተብሎ ይታመናል። መማሪያ መጻሕፍት እንዲህ ይላሉ፤ ፈተና ላይም ይመጣል። ይህ ጥናት ግን እምነቱ በከፊል መሠረት የለውም ከሚል መላምት ይነሣል። አዋጁ የተናገረው ስለ መሬት ብቻ ነው። ስለ ሱዙኪ ቪታራ አንዳች አላለም። በዚህች ቀዳዳ ርስት ከደጋው ማሳ ላይ ተነሥቶ ስኮርታ ጎማዋን ከኋላዋ ወዳዘለች አነስተኛ ፎር ዊል መኪና መዛወሩን፣ ጉልትም ፍለጋውን ተከትሎ ጋራዥ መግባቱን ከዳባት እስከ ድል ይብዛ የተደረገው ምልከታ ያረጋግጣል።

በቅድሚያ የጥናቱን ወሰን ማስመር ይገባል። ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት በኩል ደባርቅ የሚገባው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አስፋልት ስለሆነ እንደ መግቢያ ብቻ ያገለግላል። ፍሬ ነገሩ የሚጀምረው ከደባርቅ ወዲያ ነው። መንገዱ ፒስታ ይሆንና በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በሳንቃበርና በጨነቅ አድርጎ፣ የቧሂትን ትከሻ ተሻግሮ፣ የበየዳ ወረዳ ዋና ከተማ ድል ይብዛ ይደርሳል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሲሆን ከ1996 እስከ 2017 አደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች መዝገብ ላይ ቆይቷል። ለስጋቱ ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ የመንገድ ሥራ ነበር። መንገዱ በቪታራ ላይ ያደረሰው አደጋ ግን በየትኛውም መዝገብ አልተያዘም። መንገዱ አንዳንድ ቀን ይዘጋል፣ አንዳንድ ቀን ይከፈታል። ለምን እንደሚዘጋና ማን እንደሚከፍተው ከዚህ ጥናት ወሰን ውጪ ነው፤ አጥኚውም በዚሁ ወሰን ውስጥ በጤና መኖርን መርጧል።

ጥናቱ «ቪታራ» ሲል አምሳያዎቿን ሁሉ ያጠቃልላል። ራቭ ፎርም ሆነች ቴሪዮስ፣ ያገለገለች፣ አጠር ያለችና ከመሬት ከፍ ያለች እስከሆነች ድረስ ሥሪቱ ያው ነው። ላንድክሩዘር ሆን ተብሎ ተትቷል። ላንድክሩዘር የመንግሥት ነው፣ የድርጅት ነው፣ ወይም ቱሪስት ይዞ የመጣ ነው፤ ስለዚህ ዘመዴ ነው የሚለው ሰው የለም። ባጃጅም ተትቷል፤ ባጃጅ ሒሳብ ይጠይቃል። የርስት ባሕርይ ጠርቶ የሚታየው በሁለቱ መካከል ባለችው፣ አንድ ደመወዝተኛ ከቁጠባ ማኅበር ተበድሮ፣ ከወንድሙ ተለቅቶ፣ የሚስቱን ወርቅ ሸጦ በገዛት መኪና ላይ ነው። ይህ ሰው በጽሑፉ ውስጥ «ባለሊብሬ» እየተባለ ይጠራል። «ባለቤት» የሚለው ማዕረግ ለጊዜው ተይዟል፤ ለማን እንደሚገባው ገና ይጣራል።

ቪታራ በሱዙኪ ኩባንያ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። በአገሯ በጃፓን ኤስኩዶ ይሏታል። እንደ ጭነት መኪና ሻንሲ አላት፣ ለአቀበት የሚሆን ከባድ ማርሽ አላት፣ ወንበሯ ግን የቤት መኪና ወንበር ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ቶዮታ ራቭ ፎርን አወጣ፤ ይህችኛዋ ሻንሲውን እርግፍ አድርጋ ትታ በቤት መኪና አሠራር የመጣች ናት። የሁለቱም አሳቢዎች በዓይነ ሕሊናቸው የሳሉት ሳምንቱን ከተማ ውስጥ ሠርቶ ቅዳሜና እሑድ ወደ ባሕር ዳርቻ ብቅ የሚል ወጣት ነበር። በየዳ የባሕር ዳርቻ የለውም። ወጣቱም ቢሆን ቅዳሜ ገብስ ያጭዳል።

ከጃፓን ተነሥታ ደባርቅ እስክትደርስ ያለውን ትውልድ የሚቆጥረው ደላላ ነው። የመጀመሪያው ያዥ ምንጊዜም የውጭ አገር ሰው ወይም ሐኪም ነው። ሁለተኛዋ ሴት ናት፤ ከቤቷ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤቷ ብቻ ነድታታለች። ሦስተኛው አሁን የሚሸጠው ሰው ሲሆን፣ ብር አንገብግቦት እንጂ እንኳን ሊሸጣት ሊያውሳትም የሚጨክን አልነበረም። ሞተሯ አልተከፈተም። ቀለሟ የፋብሪካ ነው። ምንም ወጪ የላትም። አጥኚው ይህን ቃል አንድ በአንድ መርምሮ ደላላው አለመዋሸቱን አረጋግጧል። እሷ በእርግጥም ምንም ወጪ የላትም፤ ወጪው የገዢው ነው። ቀለሙም ከፋብሪካ የወጣ ነው፤ በቆርቆሮውና በቀለሙ መካከል ያለው ስቱኮም እንዲሁ ከፋብሪካ የወጣ ነው።

በሌላው ዓለም ያገለገለ ዕቃ ይረክሳል። እኛ ዘንድ ይህ ሕግ አይሠራም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከ7 ዓመት በላይ አገልግለው በሚገቡ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከእንግዲህ ወደ አገር አይገቡም ተባለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። ሦስቱም ውሳኔዎች ቪታራን ታሳቢ ያደረጉ አልነበሩም፤ ቪታራ ግን ሦስቱንም እንደ ደመወዝ ጭማሪ ተቀብላቸዋለች። ታናሽ እኅት አይመጣባትም፣ እሷም አትሞትም፤ ስለዚህ በየዓመቱ አንድ ነገር እየወለቀላት ዋጋዋ አንድ እርከን ይወጣል። ለንጽጽር ያህል ራስ ዳሸንን ማየት ይቻላል። የቆየ የጂኦግራፊ መጽሐፍ ከፍታውን 4,620 ሜትር ይለዋል፤ ኋላ የመጣው ልኬት 4,533 አድርጎታል። ተራራው አገልግሎ 87 ሜትር ሲወርድ፣ ከሥሩ የምታልፈው ቪታራ ከዋጋዋ አንዲት ብር አልወረደችም።

ወደ ርስቱ እንግባ። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ አጥኚ አለን ሆበን በጎጃም ደጋ ዳሞት ተቀምጦ ያጠናውንና እ.ኤ.አ. በ1973 በመጽሐፍ ያወጣውን የአማራ የመሬት ሥሪት ያነበበ ሰው የቪታራ ነገር ግር አይለውም። ርስት በአባትም በእናትም ይወረሳል። ስለዚህ አንድ ሰው በብዙ አቅኚ አባቶች መሬት ላይ መብት አለው፤ በአንድ መሬት ላይም እልቆ መሳፍርት የሌለው ሰው መብት አለው። መብቱ ስላልተጠቀሙበት አይሞትም፤ ይተኛል እንጂ። አንድ ቀን አንዱ ዘሩን ቆጥሮ ብድግ ይላል። ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ መባሉም ለዚሁ ነው። በቪታራ ላይ ያለው መብትም ልክ እንዲሁ ተኝቶ ይቆያል፤ የሚነቃው ግን ሺህ ዓመት ጠብቆ ሳይሆን ከማለዳው 12 ሰዓት ላይ፣ ሞተር ሲነሣ ነው።

ለአብነት አንድ የተለመደ ጉዞ እንውሰድ። ባለሊብሬው በየዳ የሚያስተምር መምህር ነው እንበል፤ ለስብሰባ ደባርቅ ወርዶ ሊመለስ ነው። የሚሄድበትን ቀን ለነፍስ አልተናገረም። ይህ ጥንቃቄ ዋጋ የለውም፤ ማታ ነዳጅ ሲቀዳ የታየ ሰው ጠዋት እንደሚሄድ አገር ያውቃል። ጎሕ ሲቀድ በሩን ሲከፍት ጋቢ የተከናነቡ ሰዎች፣ እግራቸው የታሰረ ሁለት ዶሮዎች፣ አንድ ኬሻ ማዳበሪያ፣ አንድ የተጠቀለለ ፍራሽና ጥላ የያዙ አንድ ቄስ ደጃፉ ላይ ያገኛል። ማንም አሳፍረኝ አይለውም። ሰላምታ ብቻ ይሰጡታል፤ የሚለምን ሰው መብት የሌለው ሰው ነውና። አንዲት እናት ብቻ ጠጋ ይላሉ።

«እንዴት አደርህ የኔ ጌታ? እናትህ ደኅና ናት? አንተ እንኳ አታውቀኝም። የእናትህ አያትና የእኔ አባት የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ጃናሞራ ወርደህ ብትጠይቅ ይነግሩሃል።»

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ እንዴት አደሩ እማማ? ግን እኮ መኪናዋ ሞልታለች፤ ቦታ የለም።»

«ውይ! እኔ መቼ ቦታ ጠየቅሁህ ልጄ? ዘመድነታችንን ነው የነገርኩህ።»

ይህን ብለው ይገባሉ። ዶሮዎቹ የእሳቸው ነበሩ።

የክርክሩን ጥንካሬ ልብ ይሏል። ባለሊብሬው ማስተባበል ቢፈልግ ማስረጃው ያለው ጃናሞራ ነው፤ ጃናሞራ ለመውረድ ደግሞ መኪናዋን ማስነሣት አለበት። መኪናዋ ከተነሣች እማማ ውስጥ ናቸው። ሌላም ለሊቃውንት የሚተው ነጥብ አለ። ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት መቁጠር ግድ ነው፤ በዚያ ቆጠራ ሰው ዝምድና እንዳይገኝበት ይጸልያል። ለቪታራ ሲሆን ያው ቆጠራ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይሠራል፤ ስምንተኛውም ቤት ገብቶ ይቀመጣል። ዘር ቢጠፋ አበልጅነት አለ፤ አበልጅነት ቢጠፋ የጽዋ ማኅበር አለ፣ እድር አለ፤ እሱም ቢጠፋ «ወንድምህ እኔን ያውቀኛል» አለ። ወንድምየው አዲስ አበባ ነው፤ ስልኩም አይሠራም።

የርስት ሙግት ከሁሉ የሚጠነክረው በጋቢና ላይ ነው። ጋቢና አንድ ሰው ነው የሚይዘው፤ ባለመብቶቹ ብዙ ናቸው። በምልከታው እንደታየው የቅደም ተከተሉ ልማድ እንዲህ ይሄዳል፦ ሕመምተኛ ካለ ለእሱ፣ እርጉዝ ካለች ለእሷ፣ ሁለቱም ከሌሉ ለቄሱ፣ ከቄሱ ቀጥሎ ለሽማግሌ፣ ከሽማግሌ ቀጥሎ መንገድ ለሚያስመልሰው ሰው። ይህ የመጨረሻው ክስ ብልሃት አለበት፤ ማስረጃው የሚቀርበው ተከሳሹ ከተረታ በኋላ ሲሆን፣ የሚቀርብበትም ቦታ ዳሽቦርዱ ነው። የባለሊብሬው ሚስት በዝርዝሩ የለችም። ከኋላ፣ ፍራሹና ዶሮዎቹ መካከል፣ የሰውን ልጅ ታቅፋ ትገኛለች። ሙግቱን የሚዳኙት ከተሳፋሪዎቹ መካከል የተመረጡ ሽማግሌዎች ናቸው። ባለሊብሬው ለምስክርነት አይጠራም፤ መሪ ይዟል።

ሊብሬው ላይ የሰው ልክ 5 ይላል። ይህ ቁጥር በዳባትም በደባርቅም የሚነበበው ትራፊክ ፖሊስ ባለበት ኩርባ ብቻ ነው። ኩርባው ሲቃረብ ከአምስቱ በላይ ያሉት ወርደው ለአፍታ እግረኛ ይሆናሉ፤ ፖሊሱን በትሕትና ሰላም ብለው ያልፉና ከኩርባው ወዲያ ተመልሰው ተሳፋሪ ይሆናሉ። የኋላው ስፖኪዮ የተሠራው መንገድ እንዲያሳይ ነበር። በዚህ አገር የሚያሳየው አንድ ጋቢ እና ሦስት ግንባር ነው።

የክፍያው ጉዳይ የሕግ መሠረት አለው። ኮድ 2 ታርጋ የግል መኪና ስለሆነች ተሳፋሪ በገንዘብ መጫን ክልክል ነው። በሰሜን ጎንደር የዚህን ደንብ ያህል የሚከበር ሕግ አጥኚው አላጋጠመውም። ተሳፋሪው ሁሉ ያውቀዋል፣ ያስከብረዋል፤ ባለሊብሬው በድካም ብዛት ወደ መጣስ ቢያዘነብል እንኳ ይገሥጹታል። በገንዘብ ፋንታ የሚከፈለው ምርቃት ነው። «መንገድህ ይቅና»፣ «ክፉ አይንካህ»፣ «ጎማህ አይተንፍስ»፣ ራቅ ላለ ቦታ ደግሞ «ልጅህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ» ይጨመራል። ምርቃቱ ከኪሎ ሜትሩ ጋር ተመጣጣኝ መሆኑ ፍትሐዊ ያደርገዋል። ወደ ቤንዚን የሚመነዘርበት ተመን ብቻ እስካሁን አልወጣም።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1204 ባለሀብትነትን በአንድ ግዙፍ ነገር ላይ ሊኖር ከሚችል መብት ሁሉ የሰፋው አድርጎ ይተረጉመዋል። ይኸው ሕግ ዝቅ ብሎ አላባ የሚባል መብት ያውቃል፤ የአላባ ባለመብት በሌላው ንብረት ይጠቀማል እንጂ ባለሀብት አይደለም። ሁለቱን አንቀጾች ይዞ በጠዋቱ ደጃፍ የቆመ ሰው ችግር ይገጥመዋል። የሰፋውን መብት የያዙት በር ላይ የተሰበሰቡት ናቸው። የአላባው ባለመብት፣ ማለትም በሌላው ንብረት ተፈቅዶለት በጥንቃቄ የሚጠቀመውና እንዳገኘው አድርጎ የሚጠብቀው፣ ቁልፉን የያዘው መምህር ነው። በጥር ወር ሠርግ ሲደራረብ ይህ ፍንትው ብሎ ይታያል። ቪታራዋ በሪባንና በላስቲክ አበባ አጊጣ ሙሽሮች ስትይዝ፣ ባለሊብሬው የሚያውቀው ሠርጉን ሳይሆን የሚነዳበትን ሰዓት ነው። ሚዜ ሆኖ የሚያውቅ ባለሊብሬ አልተገኘም።

ጉልት ከርስት የሚለየው የባለጉልቱ መብት በመሬቱ ላይ ሳይሆን ከመሬቱ በሚወጣው ግብር ላይ በመሆኑ ነው። ባለጉልት አያርስም፣ አይዘራም፤ ሲደርስ ይመጣል። ድሮ ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ ይባል ነበር። በቪታራ ሥሪት ሲሶው ለነዳጅ፣ ሲሶው ለመለዋወጫ፣ ሲሶው ለጋራዥ ነው። የአራሹ ሲሶ የት ገባ ተብሎ ሲጠየቅ ባለሊብሬው መልስ አይሰጥም፤ ዝም ብሎ ኮፈኑን ይከፍታል።

ግብር ተቀባዮቹ በመካከላቸው የማይደፈር ወሰን አላቸው። ጎሚስታው ጎማ እንጂ ኩሽኔታ አይነካም። ኤሌትራውቶው ሽቦ እንጂ ካንዴላ አይመለከተውም። መካኒኩ ጉዳዩን አይቶ «ይሄ የኤሌትሪክ ነው» ይላል፤ ኤሌትራውቶው አይቶ «ይሄ የሞተር ነው» ይላል፤ ባለሊብሬው በሁለቱ መካከል ሲመላለስ የወሰን ክርክር ወጪ ይከፍላል። ዋናው ባለጉልት ግን መካኒኩ ነው፤ የግብር አጣጣሉም ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ሞተሩ ይነሣል። ዘይት የጠገበ ቱታ የለበሰው ሰው አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ካቻቢቴውን በአንድ ጫፍ ቴስታታው ላይ፣ በሌላው ጫፍ ጆሮው ላይ ያስደግፋል። ረዳቱ ልጅ ትንፋሹን ይይዛል። ባለሊብሬውም ይይዛል። ከብዙ ቆይታ በኋላ የሚወጣው ቃል በሁሉም ጋራዥ አንድ ነው፦ «ከእኔ በፊት ማን ነው የነካት?»

ማንም ተባለ ማን ለውጥ የለውም፤ ያ ሰው አበላሽቷታል። ትፈታለች፤ ከሰዓት በኋላ ትገጠማለች፤ ጆንያው ላይ ሁለት ብሎንና አንድ ራንዴላ ይተርፋሉ። ስለ ትርፉ የተጠየቀ መካኒክ «ጃፓን ያበዛዋል» ብሎ ብሎኖቹን ኪሱ ይከታል። እንዲህ ያለው ብሎን በየጋራዡ የሚጠራቀምበትን ቆርቆሮ አጥኚው አይቷል፤ አንድ ሞተር ለማቆም ጥቂት ነው የሚጎድለው።

መለዋወጫው ጎንደር ላይ ካልተገኘ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ተፈልጎ በአውቶቡስ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ይመጣል። ሲደርስ የግራው ሲጠበቅ የቀኙ ነው። ነዳጅን በተመለከተ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ክፍያው በቴሌብር ሆኗል፤ ኔትወርክ ባለበት ቀን ነዳጅ የለም፣ ነዳጅ ባለበት ቀን ኔትወርክ የለም፤ ሁለቱም በሌሉበት ቀን በሃይላንድ ጠርሙስ የተሞላ ቤንዚን መንገድ ዳር ይቆማል፤ ዋጋው ሕገ ወጥ ስለሆነ እዚህ አልተጻፈም። የቦሎ ሰሞን ደግሞ እሳት ማጥፊያና ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት ያስፈልጋል። በምልከታው እንደተገመተው በከተማው ያለው እሳት ማጥፊያ ከመኪኖቹ ቁጥር በጣም ያንሳል፤ ምርመራውን የማያልፍ ግን የለም። እየተዋዋሱ ነው። በዚህ ሥርዓት ብቸኛው ዓይነተኛ የጋራ ሀብት እሳት ማጥፊያው ነው፤ የአገልግሎት ዘመኑ ማብቂያም ከታርጋዎቹ ከአንዳንዶቹ ይቀድማል።

ከፍታው በሥሪቱ ላይ ያለውን ተጽዕኖ ሳይለኩ ማለፍ ለሳይንስ ደግ አይሆንም። የቀድሞዋ ቪታራ 1.6 ሊትር ሞተር በባሕር ጠለል ላይ 80 ገደማ የፈረስ ጉልበት አለው። ደባርቅ ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር በላይ ስለሆነ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ 70 በመቶ ያህል ነው። መንገዱ ቧሂት ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ሲወጣ ወደ 60 በመቶ ይወርዳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚሠራው በሚተነፍሰው አየር ልክ ነው። በዚህ ስሌት 24ቱ ፈረሶች ደባርቅ ሳይገቡ ጠፍተዋል፤ ሌሎች 8 ደግሞ ከሳንቃበር ወዲያ ይቀራሉ። ቧሂት የሚደርሱት 48 ናቸው፤ እነሱም መኪናዋ አዲስ ሆና ከተቆጠረች ነው። በመካከሉ የተሳፋሪው፣ የማዳበሪያውና የፍራሹ ቁጥር አልቀነሰም። በጎን የምትወጣ ገብስ የጫነች በቅሎ ቪታራዋን አልፋ ትሄዳለች፤ ነጂዋም ዘወር ብሎ «በርቱ» ይላል።

ውሃ ቧሂት ላይ በ86 ዲግሪ ይፈላል፤ የራዲያተሩ ክዳን ላስቲኩ ካረጀ እንፋሎቱ ከኮፈኑ ሥር ይወጣል። ቢጫው ጀሪካን ይወርዳል። ተሳፋሪዎቹም ይወርዳሉ፤ ከትራፊክ ፖሊሱ ኩርባ በቀር በጥናቱ ውስጥ ባለመብቶቹ ከመኪናዋ በገዛ ፈቃዳቸው የወረዱበት ሌላ አጋጣሚ አልተመዘገበም። ቀዝቃዛ ውሃ በትኩስ ሞተር ላይ እንዳይፈስ ባለሊብሬው ይለምናል፤ ሦስት ሰዎች ሦስት የተለያየ ምክር ይሰጡታል፤ ቄሱ ጥላቸውን ዘርግተው ራዲያተሩን ያጠሉታል። ከገደሉ ጫፍ ጭላዳዎች ሣር መንጨታቸውን ትተው ያያሉ። እነሱን ለማየት ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ሰው አለ፤ እነሱ የሚያዩትን ግን ማንም ፎቶ አያነሣም።

በምሽት ሌላ ሕግ ይሠራል። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ሲወርድ የደከመ ባትሪ አይነሣም። ስለዚህ ባለሊብሬ ቤት ሲከራይ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ውሃና ስለ መብራት አይደለም፤ ደጁ ቁልቁለት መሆኑን ነው። ቁልቁለት ላይ የቆመች መኪና ደግሞ ታኮ ትፈልጋለች። በጥናቱ የተመረመረው ታኮ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ባንድ ወገኑ ጎማ እየተጫነው ለስልሷል፣ በሌላው ወገኑ እንደ ተፈጥሮው ሸካራ ነው። ጠዋት ጠዋት አንድ የ9 ዓመት ገደማ ልጅ ጎንበስ ብሎ ይጠብቃል። ባለሊብሬው ፍሪሲዮን ረግጦ፣ ማርሽ ሁለት አስገብቶ «አንሣ!» ይላል። ልጁ ድንጋዩን መንጭቆ ይዘላል፤ መኪናዋ ትንከባለላለች፤ ታች ሠፈር ስትደርስ ታስላለች፣ ትነሣለች። ከዚያ ልጁ ድንጋዩን አቅፎ በሩጫ ይደርስባትና ከወንበሩ ሥር ያስገባዋል። አንድ ቀን የጎረቤት ሰው ያንን ድንጋይ ለሌላ ሥራ ሊወስደው ቢሞክር ባለሊብሬው ባልተለመደ ቁጣ «የኔ ነው!» ብሎ ሲጮህ ተሰምቷል፤ የተከራከረውም የለም። በቁጥር 1204 የተጻፈውን ትርጉም ሙሉ በሙሉ ሲያሟላ የተገኘው ንብረት ይህ ብቻ ነው።

የመጨረሻው ግኝት ሽያጭን ይመለከታል። ባለሊብሬዎች በምሬት ሰዓት «ሸጬ እገላገላለሁ» ሲሉ ይደመጣሉ። ጥናቱ ይህ የሚቻል መሆኑን አጣርቷል። መኪናዋ ርቃ፣ ለጎንደር ወይም ለባሕር ዳር ሰው ከተሸጠች ዋጋዋ ሲሰማ ብድር የሚጠይቁት ያው ደጃፉ ላይ የነበሩት ናቸው፤ መብቱ ከመኪናዋ ወደ ገንዘቡ ይዛወራል። እዚያው ደባርቅ ከተሸጠች ግን ርስቱ ከመኪናዋ ጋር ይሄዳል። አዲሱ ገዢ ዘር ባይኖረው በአሮጌው ባለሊብሬ በኩል ይቆጠርለታል፤ «ከእኛ ልጅ እጅ ነው የገዛኸው» ይሉታል። አሮጌው ባለሊብሬም በሁለተኛው ሳምንት ጋቢ ተከናንቦ ከመካከላቸው ቆሞ ታይቷል። እሱ እንደውም ጋቢና ይገባኛል ይላል፤ ማስረጃውም ከሁሉ ይጠነክራል።

እንግዲህ በዚህ አገር ያገለገለች ቪታራ ለመግዛት ያሰባችሁ፣ የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር አመሳክሩ። ዕዳና እገዳ እንደሌለባት ከትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት አጣሩ። ስቱኮውን በጣታችሁ አንኳኩ፣ ራዲያተሩን ቀዝቅዞ ሳለ ክፈቱ፣ ሻጩ «ምንም ወጪ የላትም» ካለ አትከራከሩት። ውሉን በሕግ ፊት አስመዝግቡ፤ ታኮውን በስም ጠቅሳችሁ ውሉ ውስጥ አስገቡ። ከዚያ ሻጩ በሳምንቱ በየትኛው ቀን ወዴት ይሄድ እንደነበር ጠይቁት፤ በዚያ ቀን ማለዳ ደጃችሁ የሚቆሙት ሰዎች እነማን እንደሆኑ ከወዲሁ ታውቃላችሁ። ከዋጋው ላይ አይቀነሱም።